ሞተሩ ለምን ተቃጠለ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ትልልቅ ሞተሮች ናቸው። ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ ኮምፕሬሰር፣ ትልቅ ፋን የሚያዞሩት፣ ያለ ክሬን ንቅንቅ የማይሉት። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል። መልሶቹ ግን አንዳንዶቹ ረዘም ብለዋል፤ «ሽቦውን እንደ አዲስ አስጠምጥሙት» ብሎ መገላገል ቀላል ነበር፣ ግን ሞተሩን ያቃጠለው ነገር እዚያው ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነኝ። አንድ 160 ኪሎዋት ሞተር አለን። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስቴ ተቃጥሎ ሦስቴ አስጠምጥመነዋል። ጠምጣሚው ሁሌ «ጭነት በዝቶበት ነው» ይለናል። ቦርዱ ላይ ያለው አምፔር ሜትር ግን የሞተሩ ታርጋ ላይ ከተጻፈው በታች ነው የሚያሳየው። በሦስቱ ፌዞች (ኃይል በሚያመጡት ሦስት መስመሮች) መካከል ያለውን ቮልቴጅ ስለካው 402፣ 391 እና 377 አገኘሁ። አለቃዬ «ሁሉም 400 አካባቢ ነው፣ ችግር የለውም» አለኝ። እውነት ችግር የለውም?

መልስ፦ አለው እንጂ! እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ለክተሽ ይዘሽ መጥተሻል።

ሦስቱን ቁጥሮች ደምረሽ ለሦስት ስታካፍዪ 390 ይመጣል። ከ390 በጣም የራቀው 377 ነው፤ ልዩነቱ 13። 13ን ለ390 ስታካፍዪው 3.3 በመቶ። የቮልቴጅ አለመመጣጠን የሚባለው ይሄ ነው። ለጆሮ ትንሽ ይመስላል። ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ግን ወደ ኋላ መዞር የሚፈልግ ሌላ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፣ ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ወደ ፊት ሲሮጥ ያኛው በተቃራኒው ይጎትታል፣ የሚገኘው ሥራ የለም፣ የሚተርፈው ሙቀት ብቻ ነው። ለዚህ ነው የቮልቴጁ አለመመጣጠን 3 በመቶ ሆኖ የከረንቱ አለመመጣጠን ከዚያ ስድስት እስከ አሥር እጥፍ የሚደርሰው።

ሙቀቱን ለመገመት የምንጠቀምበት ቀላል ስሌት አለ። መቶኛውን በራሱ አባዢና በሁለት አባዢው። በአንቺ ሞተር 3.3 ሲባዛ በ3.3 ወደ 11፣ እጥፉ 22። ስለዚህ ጥቅሉ፣ ማለትም የተጠመጠመው ሽቦ፣ ከአካባቢው አየር በላይ የሚሞቅበት መጠን 22 በመቶ ያህል ከፍ ብሏል ማለት ነው። የጥቅል ሽቦ ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ሽፋን) ደግሞ በየ10 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የኔማ (የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር) መስፈርት ከ1 በመቶ በላይ አለመመጣጠን ካለ የሞተሩን ጭነት ቀንሱ ይላል፤ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ጭራሽ አታሠሩት። እንደ አንቺ 3.3 ላይ ያለ ሞተር ከታርጋው ኃይል 90 በመቶውን እንኳ መሸከም የለበትም።

አሁን ወደ አምፔር ሜትሩ እንምጣ። ቦርዱ ላይ ስንት አለ? አንድ ከሆነ አንድ ፌዝ ብቻ ነው የሚያይልሽ። ምናልባትም ዝቅተኛውን። በክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ ከረንት በሚለካው) ሦስቱንም ለኪ፣ ሙሉ ጭነት ላይ እያለ።

ቀጥሎ ጥፋቱ የመስመሩ ይሁን የሞተሩ ለመለየት ይህን አድርጊ። ሞተሩን አጥፍተሽ፣ ብሬከሩን ቆልፈሽ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመለኪያ አረጋግጠሽ፣ ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ሦስት ገመዶች አንድ አንድ ቦታ አዛውሪያቸው። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ስለተዛወሩ ሞተሩ በድሮው አቅጣጫ ይዞራል፤ ሁለቱን ብቻ ብትቀያይሪ ግን ተገልብጦ ይዞራል፣ ፓምፕ ላይ ከሆነ ደግሞ ጉድ ይፈላል። አስነሺና እንደገና ለኪ። ከፍተኛው ከረንት ከቦርዱ በሚመጣው በዚያው ፌዝ ላይ ከቀረ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፦ የላላ ግንኙነት፣ የተበላ የኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ከንፈር፣ ወይም አንዱ ፌዝ ላይ ብቻ የተጫነ ሌላ ዕቃ። ከፍተኛው ከረንት ከሞተሩ ገመድ ጋር አብሮ ከተዛወረ ደግሞ ጥቅሉ ውስጥ ነው ነገሩ።

ለጠምጣሚውም አንድ ነገር ንገሪው። የተቃጠለውን ሽቦ ቆርጦ ከማውጣቱ በፊት ፎቶ ያንሳልሽ። ቃጠሎው ራሱ ይናገራል። ሁሉም ጥቅል እኩል ከጠቆረ ጭነት በዝቶበታል ወይም አየር አጥቷል። በስታር (የሦስቱ ጥቅሎች አንዳንድ ጫፍ አንድ ላይ ሆኖ) የታሰረ ሞተር የሁለት ፌዝ ጥቅሎች ከስለው የአንዱ ንጹህ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም በዴልታ (ጥቅሎቹ ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን ተያይዘው) የታሰረው የአንድ ፌዝ ብቻ ከከሰለ፣ አንድ ፌዝ ጠፍቶበት ሲሮጥ ነው የተቃጠለው። ሽቦው ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ በኋላ «ጭነት ነው» ቢልሽ ምን ማስረጃ አለሽ?

በነገራችን ላይ ኦቨርሎዱ (ከረንት ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋው መከላከያ) ስንት ላይ እንደተሞላ አዪ። ቶሎ ቶሎ ሲጥል ሰው ተሰላችቶ ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ይሄ በጣም የተለመደ ነው፤ ማን እንዳደረገው ግን አንድም ሰው አያውቅም።

ጥያቄ፦ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ የፋኑን ማስተላለፊያ ሲያጸዱ የስቶፕ ቁልፉን ተጭነው ይገባሉ። ብሬከር መቆለፍ ጊዜ ይፈጃል ይሉኛል። ቁልፉን መጫን አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። በፍጹም።

ስቶፕ ቁልፍ የሚያደርገው የኮንታክተሩን መቆጣጠሪያ ማቋረጥ ብቻ ነው። ዋናው ኃይል ኮንታክተሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የደረጃ መቆጣጠሪያ፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ ከኮምፒውተር የሚመጣ ትእዛዝ፣ ወይም ማዶ የቆመ ባልደረባ «ማን ነው ያጠፋው?» ብሎ ሊያስነሳው ይችላል። የተጣበቀ ኮንታክተርም አለ፤ ተጭነኸው ሞተሩ የቆመ ይመስልሃል፣ አንዱ ከንፈር ግን ተበይዶ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ጊዜ የሚፈጀው መጀመሪያ ሰሞን ነው፣ ከዚያ ይለመዳል። ዋናውን ማቋረጫ አጥፉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ጓጉንቸር ያስገባ፣ ቁልፉን የራሱ ኪስ ውስጥ ይክተት፣ ስሙን የያዘ ካርድ ይስቀል። አራት ሰው ከገባ አራት ጓጉንቸር። ኃላፊው ለሁሉም አንድ ቆልፎ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጥ መቆለፍ አይባልም። ከዚያ መለኪያውን ኤሌክትሪክ እንዳለበት በምታውቁት ቦታ ሞክሩት፣ ሞተሩ ላይ ለኩ፣ ከዚያ መለኪያውን እዚያው የምታውቁት ቦታ ላይ መልሳችሁ ሞክሩት። ይሄ ሦስተኛው እርምጃ ሁሌ ነው የሚዘለለው። መለኪያው መሀል ላይ ቢበላሽ ዜሮ ያሳያል፣ ዜሮ ያየ ሰው ደግሞ እጁን ይሰዳል።

ሰው የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። ትልቅ ሞተር እርጥበት እንዳይገባው ሲቆም የሚበራ ማሞቂያ ውስጡ አለው። ማሞቂያው ኃይሉን የሚያገኘው ከሌላ ብሬከር ነው። ዋናውን ቆልፈህ ተርሚናል ቦክሱን ስትከፍት 220 ቮልት እዚያው ሊጠብቅህ ይችላል። ሞተሩ በኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ካፓሲተሮቹ ለደቂቃዎች ኤሌክትሪክ እንደያዙ ይቆያሉ፤ ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንዳለብህ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል፣ ከዚያም በኋላ ለክተህ ነው የምትነካው። ፋን ከሆነ የጭስ ማውጫው ወደ ላይ የሚስበው አየር ብቻውን ሊያዞረው ስለሚችል ሻፍቱን በአካል እሰሩት። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር ሲዞር ራሱ ጄኔሬተር ነው፣ ብሬከሩ ቢቆለፍም ተርሚናሉ ላይ ቮልቴጅ ያወጣል።

«ጊዜ ይፈጃል» ላሉህ ልጆች የምትመልሰው አጭር ነው። ያልቆለፈ አይገባም።

ጥያቄ፦ ኩሽኔታው እንዳይደርቅ ብለን በየሳምንቱ ግሪስ እናጠጣዋለን። ግሪስ ባጠጣን ቁጥር ግን ይግላል። ግሪሱ ጥሩ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ ግሪሱ ሳይሆን ብዛቱ ነው። ኩሽኔታ በግሪስ እጥረት ከሚሞተው የማይተናነስ በግሪስ ብዛት ይሞታል። ቦታው ሲሞላ ኳሶቹ ግሪሱን እያቦኩ ይዞራሉ፣ ይግላል፣ ዘይቱ ከውስጡ ተለይቶ ይፈሳል፣ የሚቀረው ዘይቱን ይዞት የነበረው ደረቅ ሳሙና ነው። የተረፈው ደግሞ በሻፍቱ በኩል ሾልኮ ጥቅሉ ላይ ይለጠፋል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ አየር ይዘጋል።

ስንት ግራም እንደሚበቃ የሞተሩ ታርጋ ወይም መመሪያው ላይ ካለ እሱን ተከተል። ከጠፋ የኩሽኔታውን የውጭ ዲያሜትርና ስፋት በሚሊሜትር አባዝተህ በ0.005 አባዛው። ለምሳሌ 6319 የሚባለው ኩሽኔታ የውጭ ዲያሜትሩ 200፣ ስፋቱ 45 ነው። 200 በ45 በ0.005 ሲባዛ 45 ግራም። የግሪስ ጠመንጃህን ደግሞ አንድ ጊዜ ሚዛን ላይ ፈትነው፤ እጀታውን አሥር ጊዜ ተጭነህ ወረቀት ላይ አውጣና መዝነው፣ ለአሥር አካፍለህ በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ግራም ጻፍበት። ከዚያ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» የሚባል ነገር አይኖርም።

ስታጠጣ የታችኛውን የማፍሰሻ ቡሎን ፍታ። የግሪስ ጫፉን ጥረግ፣ አለዚያ ከግሪሱ ቀድሞ የሚገባው አቧራው ነው። መመሪያው የሚፈቅድና የሚዞረው ክፍል በሚገባ የተሸፈነ ከሆነ ሞተሩ እየዞረ ቀስ ብለህ ስጠው፣ ካልሆነ አቁመህ። ከዚያ ማፍሰሻው ክፍት እንዳለ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይዙር፣ ትርፉ ይውጣ፣ ከዚያ ዝጋው። ግሪስ ከተጨመረ በኋላ ሙቀቱ ለተወሰነ ሰዓት ከፍ ማለቱ ያለ ነው። በማግስቱም ካልወረደ በዝቷል።

የግሪሱን ዓይነትም አትቀያይር። ፖሊዩሪያ መሠረት ያለውንና ሊቲየም መሠረት ያለውን ብትደባልቅ አብዛኛውን ጊዜ አይስማሙም፣ ቀጥነው ይፈሳሉ ወይም ይደነድናሉ። ቀለም አይቶ «ያው ሰማያዊ ነው» ማለት አይሠራም፣ ቀለሙ የፋብሪካው ምርጫ ነው። በየሳምንቱ የሚለውን ልማድም ተወው። መመሪያው የሥራ ሰዓት ይነግርሃል፤ ኩሽኔታው ከ70 ዲግሪ በላይ የሚሠራ ከሆነ በየ15 ዲግሪ ጭማሪ ጊዜውን በግማሽ አሳጥረው፣ ሻፍቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚሠራ ሞተርም እንዲሁ በግማሽ።

ጥያቄ፦ ሞተሩን በኮምፕሬሰር አየር ወይም በውሃ ማጽዳት ይቻላል?

መልስ፦ የተዘጋ ሞተር ከሆነ የውጭ ክንፎቹን በብሩሽና በጨርቅ። ክፍት ከሆነ አቧራውን በቫኪዩም ሳበው። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር አቧራውን ወደ ጥቅሉ ጠልቆ እንዲገባ ያደርገዋል፣ ደቃቅ ብረት ካለበት ደግሞ ኢንሱሌሽኑን ይፍቃል። የግፊት ውሃ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ 6,600 ቮልት የሆነ መጠባበቂያ ሞተር ሁለት ዓመት መጋዘን ተቀምጦ አሁን ተፈለገ። በሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ስንለካው 8 ሜጋኦም አሳየ። «ዜሮ ካልሆነ ይሠራል» የሚሉ አሉ። እናስነሳው?

መልስ፦ አታስነሱት!

«ዜሮ ካልሆነ ይሠራል» የሚለው አባባል ስንት ሞተር እንደበላ አይቆጠርም። በአይ ትሪፕል ኢ (የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር) 43 መስፈርት መሠረት ዘመናዊ የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቅል በ40 ዲግሪ ሲሰላ ቢያንስ 100 ሜጋኦም ሊኖረው ይገባል። ከ1,000 ቮልት በታች ለሆኑት ተራ ጥቅሎች ነው 5 ሜጋኦም የሚበቃው። የእናንተን ቁጥር የሚያብሰው ደግሞ ሙቀቱ ነው። መጋዘኑ 20 ዲግሪ ከነበረ፣ የኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ በየ10 ዲግሪ በግማሽ ስለሚወርድ፣ 8 የነበረው በ30 ዲግሪ 4 ይሆናል፣ በ40 ደግሞ 2። ከሚፈለገው 100 ውስጥ 2 ብቻ ነው ያላችሁ።

በስንት ቮልት ለካችሁት? ለዚህ ሞተር የሜገሩ ቮልቴጅ ከ2,500 እስከ 5,000 ነው። በ500 ብትለኩት ያማረ ቁጥር ሊሰጣችሁና ኃይል ስታበሩ ሊፈነዳ ይችላል።

አንድ ደቂቃ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን አሥር ደቂቃ ድረስ ለኩት። የአሥረኛውን ደቂቃ ለአንደኛው ስታካፍሉት 2 ወይም ከዚያ በላይ መምጣት አለበት። ወደ 1 ከቀረበ እርጥበት ወይም ቆሻሻ አለ። ለክታችሁ ስትጨርሱ ጥቅሉን ከመሬት ጋር አገናኙት፣ የለካችሁበትን ጊዜ ቢያንስ አራት እጥፍ። አሥር ደቂቃ ከለካችሁ አርባ ደቂቃ። ትልቅ ጥቅል ቻርጅ ይይዛል፣ ሜገሩን ነቅሎ ወዲያው የነካ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ማድረቅ ነው። የራሱን ማሞቂያ አብሩ፣ ወይም ሞቃት አየር ንፉበት፣ የጥቅሉ ሙቀት ከ90 ዲግሪ እንዳያልፍ እየተከታተላችሁ። ቀስ ይበል። በጥድፊያ ካሞቃችሁት ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ኢንሱሌሽኑን ያፈርጠዋል። በየጥቂት ሰዓቱ ለኩና ጻፉ። መጀመሪያ ቁጥሩ ይወርዳል። አትደንግጡ፣ ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ መውጣት ይጀምራል፣ በመጨረሻ ይረጋል። ሲረጋ ደርቋል። ደርቆም ከ100 በታች ከቀረ ችግሩ እርጥበት አይደለም፤ ለባለሙያ ይታይ።

ኩሽኔታውንም እዩት። ሁለት ዓመት ሳይዞር ከተቀመጠ፣ በተለይ አጠገቡ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ካለ፣ ኳሶቹ ያረፉበት ቦታ ላይ ትንንሽ ጠባሳ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሲዞር ያጉረመርማል። የተቀመጠ ሞተር ሻፍቱ በየወሩ ጥቂት ዙር ዞሮ ከድሮው በተለየ ቦታ መቆም አለበት፣ ማሞቂያውም መብራት አለበት። ይህን የሚያደርግ መጋዘን ማግኘት ከባድ ነው፣ እናውቃለን።

ጥያቄ፦ ኢንቨርተር ካስገባን ወዲህ የ200 ኪሎዋቱ ሞተር ኩሽኔታ በየስድስት ወሩ ይጮሃል። ድሮ ዓመታት ይቆይ ነበር። አንድ አማካሪ «ኤሌክትሪክ ነው የሚበላው» አለን። ኩሽኔታ ውስጥ ምን ኤሌክትሪክ አለ?

መልስ፦ አማካሪው ልክ ሳይሆን አይቀርም። የወጣውን ኩሽኔታ አትጣለው። በመጋዝ ከፈት አድርገህ ኳሶቹ የሚሮጡበትን መንገድ ብርሃን ላይ እየው። ጤናማው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። በኤሌክትሪክ የተበላው ከዳር እስከ ዳር እኩል እኩል በተራራቁ መስመሮች ተሰነጣጥሮ፣ ልክ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሸንተረር፣ ይታይሃል። ኳሶቹ ደግሞ ደብዝዘው ግራጫ ይሆናሉ፣ ግሪሱ ይጠቁራል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ኢንቨርተር ንጹህ ሞገድ አይሰጥም፣ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው ሞገዱን የሚያስመስለው። ስለዚህ የሦስቱ ፌዝ ድምር ዜሮ አይሆንም፣ ሻፍቱ ላይ ቮልቴጅ ይጠራቀማል፣ በግሪሱ ስስ ሽፋን በኩል እየዘለለ ወደ መሬት ይወርዳል። እያንዳንዷ ብልጭታ ብረቱን በጣም ጥቂት ታቀልጠዋለች። ትልልቅ ሞተሮች ላይ ሌላም አለ፣ በሻፍቱ፣ በሁለቱ ኩሽኔታዎችና በአካሉ ዙሪያ የሚዞር ከረንት።

ለሚዞረው ከረንት መፍትሔው ጭነት በሌለበት ጎን ኢንሱሌሽን ያለው ኩሽኔታ ማስገባት ነው። ለብልጭታው ደግሞ ሻፍቱን ከአካሉ ጋር የሚያገናኝ የመሬት ብሩሽ። በዚህ መጠን ላለ ሞተር ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኬብሉም መሸፈኛ ያለው ሆኖ መሸፈኛው በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን ሙሉ ከአካሉ ጋር ይገናኝ፤ ጫፉን ጠምዝዞ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ማሰር ለዚህ ፍጥነት አይበቃም።

አንድ ተንኮል ልንገርህ። ውድ የሆነውን ኩሽኔታ ካስገባህ በኋላ የሙቀት መለኪያው የብረት ቱቦ ወይም የዘይት ቧንቧ ኢንሱሌሽኑን አልፎ ከአካሉ ጋር ከነካ ገንዘብህን ውሃ በላው። ከመዝጋትህ በፊት በመለኪያ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ፋብሪካችን ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ነው። ታርጋው «1,000 ሜትር» ይላል። ሞተሩን መጠቀም አንችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ትችላላችሁ፣ ግን አስሉት። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። በዓለም አቀፉ አይኢሲ 60034-1 አካሄድ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ ጥቅሉ ከአካባቢው አየር በላይ እንዲሞቅ ከሚፈቀደው መጠን 1 በመቶ ይቀነሳል። በእናንተ 14 በመቶ ማለት ነው። የኢንሱሌሽኑ የሙቀት ደረጃ ክላስ ኤፍ ከሆነ 105 ዲግሪ የነበረው በ15 ገደማ ይቀንሳል። ታርጋው ግን የተሠራው ለ40 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ያለበት ክፍል በዓመቱ ሞቃት ቀን እንኳ ከ25 ዲግሪ ካላለፈ ብርዱ ኪሳራውን ያካክስላችኋል። ከቦይለር አጠገብ ከሆነ ግን ከፍታው ብርድ አያመጣላችሁም፣ ጭነት ቀንሱ። ኢንቨርተሩም የራሱ የከፍታ ገደብ አለው፣ እሱን ለብቻ እዩት።

ጥያቄ፦ አዲስ 355 ኪሎዋት ሞተር ተክለን ከፓምፑ ጋር በላዘር አስተካክለን አስነሳነው። ሲቀዘቅዝ ጥሩ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ይንቀጠቀጣል። ቡሎኖቹን ደጋግመን አጠበቅን። ምን ቀረን?

መልስ፦ ቡሎን ማጥበቅ አንዳንዴ ራሱ ነው በሽታው። ከአራቱ እግሮች አንዱ መሠረቱን በደንብ ካልነካ፣ ስታጠብቀው አካሉን ያጣምመዋል። ሞተሩ ሲቆምና ሲቆለፍ አንድ እግር ብቻ ፈቱ፣ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ንቅናቄ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) አስደግፉበትና እግሩ ስንት እንደተነሳ አንብቡ። ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተነሳ ልኩን ያህል ቀጭን ላሜራ አስገቡ። መልሳችሁ አጥብቁና ቀጣዩን ፍቱ። ላሜራው ዝገት የማይነካው ይሁን፣ ከሦስት ወይም አራት በላይ አትደራርቡ፤ ብዙ ላሜራ እንደ ስፕሪንግ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከላዘሩ በፊት ነው መሠራት የነበረበት።

«ሲሞቅ» ማለታችሁ ግን ሌላም ይጠቁማል። ብረት ሲሞቅ ያድጋል። ከእግሩ እስከ ሻፍቱ መሀል ግማሽ ሜትር የሆነ ሞተር አካሉ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ ሻፍቱ ወደ 0.24 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ቀዝቃዛ እያለ ልክ አድርጋችሁት ከሆነ ሲሞቅ ልክ አይሆንም። ፓምፑም የሚያፈሰው ሙቅ ከሆነ እሱም ያድጋል፣ የሁለቱ ልዩነት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ሞተር ሆን ብላችሁ በዚያ ልዩነት ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሙቅ እያለ ፈትሹ።

አንድ ፈተና ደግሞ። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ እያለ ኃይሉን አቋርጡና መለኪያውን አፍጥጣችሁ እዩ። ንዝረቱ በዚያው ቅጽበት ድርግም ካለ መነሻው ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ እየቀነሰ ሲሄድ አብሮ እየቀነሰ ከሄደ ሜካኒካል ነው። የንዝረት መስፈርቱ አይኤስኦ 20816-3 ከ300 ኪሎዋት በላይ ሆኖ በጠንካራ መሠረት ላይ ለተተከለ ማሽን በሰከንድ 2.3 ሚሊሜትር ድረስ ለአዲስ ማሽን የሚጠበቅ፣ እስከ 4.5 ለረጅም ጊዜ የሚሠራበት፣ ከ7.1 በላይ ጉዳት የሚያደርስ ብሎ ይከፍለዋል። ቁጥሩን ጻፉት፣ «ይንቀጠቀጣል» ብቻ ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ትልቁ ሞተር ሲነሳ ብሬከሩ ይጥለዋል። ኦፕሬተሮቹ አራት አምስት ጊዜ ሲሞክሩ አንዳንዴ ይነሳል። ይጎዳዋል?

መልስ፦ ይገድለዋል። በቀጥታ የሚነሳ ሞተር ሲነሳ ከስድስት እስከ ስምንት እጥፍ ከረንት ይጠጣል። ሙቀት በከረንቱ ካሬ ስለሚያድግ ስድስት እጥፍ ከረንት ሠላሳ ስድስት እጥፍ ሙቀት ነው፣ የራሱ ፋን ደግሞ ገና አልዞረለትም። በኔማ ልማድ ቀዝቃዛ ሞተር በተከታታይ ሁለት ጊዜ፣ የሞቀ ሞተር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነሳው። ከዚያ በኋላ ማረፍ አለበት፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ መመሪያው ይላል። ሁለቴ ሞክሮ ካልተነሳ ሦስተኛ መሞከር ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ ነው፤ ቮልቴጁ ሲነሳ ስንት ይወርዳል፣ ቫልቩ በተገቢው ቦታ ነው ወይ፣ ፓምፑ በእጅ ይዞራል ወይ። በስታር ተነስቶ ወደ ዴልታ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ስታር ላይ የማዞር ጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ብቻ ስለሆነ ጭነት ይዞ አይነሳም፣ የተለመደ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ተርሚናል ቦክሱ ውስጥ አንዱ ጫፍ ጠቁሮ አገኘነው። ዳዶው ግን ጠብቆ ነበር። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የሮንዴላውን ቦታ እዩ። የሞተሩ ገመድ ጫፍና የመስመሩ ኬብል ጫፍ ፊት ለፊት፣ መዳብ ለመዳብ፣ ተጣብቀው መቀመጥ አለባቸው። ሮንዴላው ከእነሱ ውጭ፣ ከዳዶው ሥር ነው ቦታው። ብዙ ሰው ግን መሀል ያስገባዋል። ያኔ ከረንቱ በሙሉ በብረቱ ሮንዴላ ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል፣ ብረት ደግሞ ከመዳብ የባሰ አስተላላፊ ነው፣ ይግላል፣ ሲግል ይላላል፣ ሲላላ የበለጠ ይግላል። ዳዶውን ብታጠብቁም ያው ነው።

ፍቱት፣ የጠቆረውን ጫፍ አትፋቁ፣ ቆርጣችሁ አዲስ ቀፎ (የኬብል ጫፍ ማሰሪያ) በፕሬስ ምቱበት። በቶርክ ቁልፍ መመሪያው ባለው ልክ አጥብቁ። ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ ጎማው መያዙን፣ ያልተጠቀማችሁበት ቀዳዳ መደፈኑን አረጋግጡ። ሲዘጋ ፎቶ አንሱለት፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሙሉ ጭነት ላይ እያለ ሽፋኑን ሳትከፍቱ ከውጭ በሙቀት ካሜራ እዩት። ከአጠገቡ ካሉት ሌሎች ቦክሶች የተለየ ሙቀት ካሳየ እንደገና አቁማችሁ፣ ቆልፋችሁ፣ ክፈቱት።